ጌታውን በኮቴው ያወቀው አሽከር፦ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ሕይወት

አንድ ሰው ቀን ሌላ፣ ማታ ሌላ ሲሆን በእንግሊዝኛም በዕብራይስጥም ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ ነው ይባላል። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ ስሞቹን ያውቃቸዋል። በአማርኛችንም የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የምንለው ሰው አለ። የጄኪልንና የሃይድን ታሪክ የጻፈው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ነው። ስለ ሕይወቱ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውም ስለ ሕመሙ፣ ስለ ጉዞውና ስለ ትዳሩ ይናገራል። እኛ ግን ዛሬ ሕይወቱን የምናየው በጓሮ በር ገብተን ነው፤ ባሳደጉት፣ ባስታመሙትና በቀበሩት አገልጋዮች በኩል። ምክንያቱም በዚያ ዝነኛ ታሪክ ውስጥ በቤቱ ያለው ነገር ጤነኛ እንዳልሆነ ያወቀው፣ አውቆም የተናገረው፣ ሐኪም ወይም ጠበቃ አልነበረም። የቤቱ አሽከር ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞግዚቷ

ስቲቨንሰን ኖቬምበር 13 ቀን 1850 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንበራ ተወለደ። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ቶማስ፣ አያቱና አጎቶቹ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ሥራቸውም በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ለመርከቦች የሚያበሩ የመብራት ማማዎችን ማቆም ነበር። አያቱ ሮበርት ከሠሯቸው መካከል በ1811 የበራው፣ በባሕር መካከል በዐለት ላይ የቆመው የቤል ሮክ ማማ እስከ ዛሬ አለ። እናቱ ማርጋሬት ባልፎር የቄስ ልጅ ነበረች። ጤናዋ ብዙም የጠና ስላልነበረ፣ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደረቱን ያመው ስለነበረ፣ ቤቱ ሞግዚት ያስፈልገው ነበር።

በ1852፣ ልጁ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ አሊሰን ከኒንግሃም የምትባል ሴት ተቀጠረች። ፋይፍ ከሚባለው አውራጃ፣ ከባሕር ዳር መንደር የመጣች ነበረች። ልጁ ከሚ ብሎ ጠራት፤ በዚሁ ስም እየተጠራች ቀረች። ከሚ ሃይማኖቷን አጥባቂ ነበረች። ቲያትርን፣ የካርታ ጨዋታንና ልብ ወለድን እንደ ኃጢአት ትቆጥር ነበር። ለልጁ የምታነብለት መጽሐፍ ቅዱስን ነበር፤ በእምነታቸው ምክንያት ተሳድደው በተራራና በዱር ይጸልዩ የነበሩ የስኮትላንድ አባቶችንም ገድል ትተርክለት ነበር። ስለ ሰንበት መከበር፣ ስለ ሲኦልና ስለ ሰይጣንም ታስተምረው ነበር። ልጁ አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ሳሉ ብቻ አልነበረም፤ ተኝቶ ቢሞት ነፍሱ የት እንደምትሄድ እያሰበ ይፈራ ነበር።

ይህችው ያስፈራችው ሴት ግን ሌሊቱን ሙሉ አብራው የምትቀመጥም ነበረች። ሳሉ ሲያስጨንቀው ከአልጋው አንሥታ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ መስኮት ትወስደዋለች። ከአትክልቱ ማዶ፣ በጨለማው ውስጥ፣ መብራት የሚታይባቸውን ጥቂት መስኮቶች ታሳየዋለች። እነዚያም ቤቶች ውስጥ እንደ እርሱ የታመሙ ልጆች ከሞግዚቶቻቸው ጋር ንጋትን ይጠብቁ ይሆናል ብለው ያስቡ ነበር። ስቲቨንሰን ይህን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም። ፍርሃትና ፍቅር ከአንድ እጅ የመጡለት ልጅ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በውስጡ ሁለት ሊሆን እንደሚችል ማንም ሊያስተምረው አላስፈለገም።

የመጀመሪያ ድርሰቱም ከዚሁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የመጣ ነው። በ1856 አንድ አጎቱ ለቤተ ዘመዱ ልጆች የሙሴን ታሪክ አሳምሮ ለሚጽፍ ሽልማት አለው አለ። የስድስት ዓመቱ ልጅ ገና መጻፍ ስለማይሆንለት በቃሉ እየተናገረ እናቱ ጻፈችለት። ሥዕሉን ግን ራሱ ሣለ፤ ከግብፅ የሚወጡት እስራኤላውያንም ፒፓ የሚያጨሱ ሆነው ወጡ። ሽልማቱ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ደራሲ ከመሆን በቀር ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ሁለት ፊት ያላት ከተማ

በ1857 ቤተሰቡ ሄሪዮት ሮው በሚባለው ጎዳና ቁጥር 17 ወደሆነው ቤት ገባ። ኤድንበራ ያን ጊዜ ሁለት ከተማ ነበረች። አዲሱ ከተማ ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ቤቱ የተስተካከለ፣ ጠበቆችና ሐኪሞች የሚኖሩበት ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለው አሮጌው ከተማ ደግሞ ድሆች በጠባብ መተላለፊያዎች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

በልጁ መኝታ ክፍል አንድ ቁም ሣጥን ነበረ። የሠራው ዊልያም ብሮዲ የሚባል አናጢ ነው። ብሮዲ የአናጢዎች ማኅበር አለቃ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል፣ በሁሉ ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር። ቀን ቀን የሀብታሞችን ቤት ዕቃ ይሠራል፣ ቁልፋቸውንም ያያል፤ ማታ ማታ ግን የቁልፉን ቅርጽ ወስዶ ባሠራው ቁልፍ ገብቶ ይዘርፋቸው ነበር። ተደርሶበት በ1788 በኤድንበራ ተሰቀለ። ልጁ የዚህን ሰው ታሪክ ሰምቶ፣ የሠራውን ቁም ሣጥን በሌሊት እያየ አደገ። በኋላም ዊልያም ኸንሊ ከሚባል ወዳጁ ጋር ስለ ብሮዲ የመድረክ ተውኔት ጻፈ፤ ግን ብዙም አልተሳካላቸውም።

በ1867 ዩኒቨርሲቲ ገባ። አባቱ እንደ ዘመዶቹ መሐንዲስ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ልጁ ችሎታ አልጎደለውም፤ በ1871 ስለ መብራት ማማ ብርሃን ባቀረበው ጥናት የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። በዚያው ዓመት ግን ለአባቱ መሐንዲስነቱን እንደማይፈልገው፣ ደራሲ መሆን እንደሚሻ ነገረው። አባትየው አዘነ፤ ጽሑፍ እንጀራ ስለማይሆን ቢያንስ ሕግ ይማር ተባለና ተስማሙ። በ1875 ጠበቃ ሆነ፤ ሆኖም በጠበቃነት የሠራው ከስም የሚያልፍ አይደለም። ይህ የአባትና የልጅ ክርክር ለብዙ የመጽሔታችን አንባቢ ቤት እንግዳ አይመስለንም።

በተማሪነቱ ዘመን ስቲቨንሰን ራሱ ሁለት ኑሮ ይኖር ነበር። እራት ላይ የጨዋ ቤተሰብ ልጅ ነው። ከእራት በኋላ ደግሞ የከፋይ ኮቱን ለብሶ መርከበኞችና ችግረኞች ወደሚጠጡባቸው ቤቶች ይሄዳል። በ1873 አባቱ ስለ እምነቱ ሲጠይቀው አለመዋሸትን መረጠና እንደ እነርሱ እንደማያምን ተናገረ። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። እውነቱን መናገር ወላጅን እንደሚያቆስል፣ መደበቅ ደግሞ ራስን እንደሚከፍል የተማረው ያን ጊዜ ነው።

ስደተኛው ጸሐፊ

በ1876 ፈረንሳይ አገር ግሬ በሚባል መንደር ፋኒ ኦዝቦርን ከምትባል አሜሪካዊት ጋር ተዋወቀ። በዕድሜ 10 ዓመት ትበልጠዋለች፤ ባልና ልጆች ነበሯት። እርሷ ወደ ካሊፎርኒያ ስትመለስ በ1879 ለወላጆቹ ሳይነግር ተከተላት። ከድሀ ስደተኞች ጋር በመርከብ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በስደተኞች ባቡር አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ሲደርስ ሊሞት የተቃረበ በሽተኛ ነበር። ፋኒ ከባሏ በሕግ ተፋትታ በሜይ 1880 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተጋቡ። አባቱም ይቅር ብሎ በየዓመቱ ገንዘብ ይቆርጥለት ጀመር። በ1883 የውድ ሀብት ደሴት የተባለው የባሕር ወንበዴዎች ታሪኩ በመጽሐፍ ወጣና ስሙ ታወቀ።

ሳንባው ግን እፎይ አላለውም፤ ደም ይተፋ ነበር። ሞቃት አየር ፍለጋ በደቡብ ፈረንሳይ በኖሩበት ጊዜ ቫለንቲን ሮሽ የምትባል ወጣት የቤት ሠራተኛ ተቀጠረች። ቫለንቲን ቤት ከማጽዳትና ዕቃ ከማጠብ አልፋ አስታማሚው ሆነች። በ1884 ወደ እንግሊዝ አገር፣ ቦርንመዝ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሲዛወሩ አብራቸው ሄደች። ከዚያም አሜሪካ፣ ከዚያም የፓስፊክን ደሴቶች ሲዞሩ አልተለየቻቸውም። የተለያዩት በ1889 ሃዋይ ላይ ነው። ጸሐፊው በዓለም ዙሪያ ሲከበር፣ አልጋ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ እርሷ ነበረች።

1885 ዓመት ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ስቲቨንሰን የልጆች ግጥሞቹን ሰብስቦ አሳተመ። መጽሐፉን ያበረከተው ለእናቱ ወይም ለሚስቱ አልነበረም፤ ለሞግዚቱ ለአሊሰን ከኒንግሃም ነበር። በስሟ ጠርቶ፣ በሕመሙ ጊዜ ሌሊት ስላልተኛችለት አመሰገናት። የአንዲት አገልጋይ ስም በመጽሐፍ መግቢያ ላይ እንዲህ መታተሙ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። በዚያው ዓመት በልግ ላይ ደግሞ የጄኪልንና የሃይድን ታሪክ ጻፈ።

የቤተሰቡ ሰዎች እንደተረኩት፣ አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ሲጮኽ ፋኒ ቀሰቀሰችው። እርሱ ግን ጥሩ ሕልም ስላቋረጠችበት ተቆጣ። ሕልሙን ተንተርሶ በጥቂት ቀን አንድ ረቂቅ ጻፈ። ፋኒ አነበበችውና ተራ አስፈሪ ተረት ብቻ እንደሆነ፣ ውስጡ ያለው የሰው ልጅ ምስጢር እንዳመለጠው ነገረችው። ተናድዶ ወጣ፤ ተመልሶ ግን ረቂቁን እሳት ውስጥ ጣለው። በሦስት ቀንም እንደገና ጻፈው። ካረመው በኋላ መጽሐፉ በጃንዋሪ 1886 ታተመ፤ በስድስት ወር ውስጥም በብሪታንያ ብቻ ወደ 40,000 ቅጂ ተሸጠ።

ታሪኩ ከአሽከሩ በኩል

ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንዲህ ተብሎ ነው፦ አንድ ሐኪም በውስጡ ያለውን ክፉውን ከደጉ የሚለይ መድኃኒት ቀምሞ ይጠጣል፤ ሌላ ሰው ይሆናል፤ በመጨረሻም መመለስ ያቅተዋል። ይህ ትክክል ነው፤ ግን የሐኪሙ የራሱ ታሪክ ነው። ፑል የሚባለው የቤቱ አሽከሮች አለቃ ያየው ሌላ ነው።

ፑል ዶክተር ጄኪልን 20 ዓመት አገልግሏል። ጌታው ረጅም፣ ደንዳና፣ ለጋስና የተወደደ ሰው ነው። ቤቱ ሁለት በር አለው። የፊት ለፊቱ በር የተዋበ ነው፤ እንግዶች ይገቡበታል። በጓሮ በኩል፣ በሌላ መንገድ ላይ፣ ቀለሙ የተላጠ መዝጊያ አለ፤ ወደ ቤተ ሙከራው ያስገባል። አንድ ቀን ጌታው አሽከሮቹን ሰብስቦ ሚስተር ሃይድ የሚባል ሰው በቤቱ እንደፈለገ እንዲገባና እንዲወጣ፣ እርሱንም እንዲታዘዙ አዘዘ። ፑል አልጠየቀም። ሃይድ አጭር ነው፤ ያየው ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ይቀፈዋል። ገበታ ላይ ቀርቦ አያውቅም። ቁልፍ ስላለው በጓሮ ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል። ሰዎች ስለ ዶክተሩ ይመስክሩ ቢባሉ ሁሉም ያመሰግኑታል፤ ውስጡን ለቄስ።

ከዚያ አንድ ሌሊት አንድ ሽማግሌ መኳንንት በመንገድ ላይ በዱላ ተደብድቦ ተገደለ። ያየችው አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋን ጨርሳ በመስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ ጨረቃ እያየች ነበር። ገዳዩ ሃይድ መሆኑን አወቀችው፤ ራሷን ሳተች፤ ስትነቃ ፖሊስ ጠራች። መላዋ ሎንዶን የሚፈልገውን ሰው ስም የሰጠችው እርሷ ናት፤ የእርሷ ስም ግን በመጽሐፉ የለም።

የዶክተሩ ጠበቃና ወዳጅ አተርሰን ከሃይድ የመጣ የተባለ ደብዳቤ ያያል። ሲወጣ ፑልን ደብዳቤውን ያመጣው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይጠይቀዋል። ፑል በእጅ የመጣ ደብዳቤ እንደሌለ በእርግጠኝነት ይመልሳል። ጠበቃው የተማረና አስተዋይ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ውሸት ያጋለጠለት ግን በር የሚከፍተው ሰው ነው።

በማርች ወር አንድ ነፋሻ ሌሊት ፑል ራሱ ወደ ጠበቃው ቤት መጣ። ወይን ጠጅ ቢቀዳለት ሳይቀምስ በጉልበቱ ላይ ይዞት ተቀመጠ። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ፈርቻለሁ፣ ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም አለ። ጠበቃው ተከትሎት ሲሄድ የቤቱ አሽከሮችና ሴት ሠራተኞች ሁሉ በአዳራሹ እሳት ዙሪያ እንደ በግ ተጠጋግተው አገኛቸው፤ አንዷም ታለቅስ ነበር።

ጌታቸው ከሳምንት በላይ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተዘግቶ ነበር። ምግብ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ሳያይ ይወሰዳል። ትእዛዝ በወረቀት ተጽፎ ደረጃው ላይ ይጣላል። ፑል በየመድኃኒት ነጋዴው እየሮጠ አንድ ዓይነት ዱቄት ያመጣል፤ ንጹሕ አይደለም ተብሎ ይመለሳል። ድምፁ የጌታው አይደለም። እርምጃውም የጌታው አይደለም፤ ጄኪል ሲራመድ ወለሉ ይንቋቋል፣ ይህኛው ግን ቀለል ብሎ ይወዛወዛል። አንድ ጊዜም ያ ሰው ሲያለቅስ ሰምቶት ነበር።

ጠበቃው መልስ ነበረው። ጌታህ በከባድ በሽታ ተይዞ ይሆናል፣ መልኩና ድምፁ ቢለወጥ ምን ይገርማል አለው። ነገሩ ምክንያታዊ ነበር። ፑል ግን ከምክንያቱ የበለጠ ያውቅ ነበር። 20 ዓመት በየማለዳው ያየው ጌታ ራሱ እስከ በሩ የትኛው ቦታ ድረስ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ያ ውስጥ ያለው ፍጥረት ያን ያህል አይደርስም። ይህ በማንኛውም ፍርድ ቤት እንደ ማስረጃ የማይቀርብ እውቀት ነው። ጠበቃው ግን በመጨረሻ በዚህ አመነ። ፑል መጥረቢያውን ያዘ፤ ጠበቃው የእሳት መቆስቆሻ ብረት። በሩን የመታው ፑል ነው፤ በአምስተኛው ምት ቁልፉ ተሰበረ። ውስጡ ጸጥ ያለ ክፍል ነበር፦ እሳቱ ይነዳል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ይዘምራል፣ ወለሉ ላይም በጣም የሰፋው ልብስ የለበሰ ሃይድ መርዝ ጠጥቶ ወድቋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ብዙ አንባቢ አያስተውለውም። ጠበቃው የታሸጉትን ጽሑፎች ያነሣል፤ ለፑል ምንም እንዳይናገር ያዝዘዋል፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተመልሼ ፖሊስ እንጠራለን ብሎት ይሄዳል። አሽከሮቹን በእሳቱ ዙሪያ እንዳሉ ትቷቸው ይወጣል። የቀረው መጽሐፍ ሁለት ጽሑፍ ነው፤ አንዱ የሌላ ሐኪም ደብዳቤ፣ አንዱ የራሱ የጄኪል ኑዛዜ። ወደ አዳራሹ ተመልሰን አንገባም። 20 ዓመት ያገለገለውና በሩን የሰበረው ፑል ያገለገለው ማንን እንደነበር ሲነገረው አናይም። ሐኪሞቹና ጠበቃው ብዕር ነበራቸው፤ እርሱ ዓይንና ጆሮ ብቻ ተሰጠው።

ስቲቨንሰን ይህን ሆን ብሎ ያደረገው ይሁን አይሁን ክርክር ያስነሣል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ሌሊት ከሞግዚቱ ጋር በመስኮት ቆሞ ንጋትን የጠበቀ ሰው፣ በሌሊት ነቅቶ የሚያየው ማን እንደሆነ ያውቃል። ለዚህ ነው በመጽሐፉ የምሥክርነቱን ሥራ ለአገልጋዮች የሰጠው። ብዕሩን ለእነርሱ መስጠት ግን ሌላ መቶ ዓመት ጠበቀ። በ1990 አሜሪካዊቷ ደራሲ ቫለሪ ማርቲን ሜሪ ሪሊ የሚል ልብ ወለድ አሳተመች። ተራኪዋ በጄኪል ቤት የምትሠራ ወጣት ናት፤ በልጅነቷ አባቷ ያሠቃያት፣ ጠባሳው እጇ ላይ የቀረባት፣ ያየችውን በማስታወሻ ደብተር የምትጽፍ። በ1996 በስቲቨን ፍሪርስ አዘጋጅነት፣ ጁሊያ ሮበርትስ ሜሪን፣ ጆን ማልኮቪች ጄኪልንና ሃይድን ሆነው የተጫወቱበት ፊልም ሆነ። ማርቲን የጻፈችው ስቲቨንሰን በአዳራሹ እሳት ዙሪያ ትቷቸው የሄደውን ሰዎች ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

በሳሞአ

የስቲቨንሰን አባት በ1887 ሞተ። በዚያው ዓመት ጸሐፊው ከእናቱ፣ ከሚስቱ፣ ከእንጀራ ልጁና ከቫለንቲን ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1888 በመርከብ ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ወጡ፤ በ1890 ሳሞአ ውስጥ ቫይሊማ በተባለው ቦታ ቤት ሠርተው ኑሯቸውን መሠረቱ። የባሕሩ አየር ተስማማው። የአገሩ ሰዎች ቱሲታላ አሉት፤ ታሪክ ነጋሪ ማለት ነው። የጠርሙሱ ጂኒ የሚለው ታሪኩ በ1891 በሳሞአ ቋንቋ ተተርጉሞ ወጣ።

በቫይሊማ ብዙ ሳሞአውያን ይሠሩ ነበር። ታሎሎ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነበር፤ ሶሲሞ ደግሞ የእርሱ የቅርብ አሽከር። ማታ ማታ ቤተሰቡና ሠራተኞቹ በአንድነት ተሰብስበው በሳሞአ ቋንቋ ይጸልዩ ነበር፤ በ1873 አባቱን በእምነት ጉዳይ ያስለቀሰው ሰው በስተርጅና ሳይሆን በአርባዎቹ ዕድሜ ለቤቱ ሰዎች ጸሎት ይጽፍ ጀመር። ከሚ ብታየው ደስ ይላት ነበር። ቤቱ የጌታና የአሽከር ቤት መሆኑ ግን አልቀረም፤ ርስቱ የእርሱ፣ ጉልበቱ የእነርሱ ነበር። እርሱም ቢሆን በአገሩ ፖለቲካ ከሳሞአውያን ጋር ቆሞ የአውሮፓ መንግሥታትን ሹማምንት በጋዜጣ ይነቅፍ ነበር። ለታሰሩ አለቆች ምግብ ይልክላቸው ነበርና፣ ሲፈቱ በ1894 በገዛ ጉልበታቸው ወደ ቤቱ የሚወስድ መንገድ ሠሩለት።

ዲሴምበር 3 ቀን 1894 ማታ ከፋኒ ጋር ለእራት ሰላጣ የሚሆን ማዮኔዝ ሲያዘጋጅ ድንገት ራሱን ያዘ። ፊቱ የተለወጠ ይመስል እንደሆነ ጠየቃት ይባላል። ያን የሚያህል ጥያቄ ከጄኪል ደራሲ አፍ መውጣቱ የታሪክ አጋጣሚ ነው። በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር፤ በዚያው ምሽት ሞተ። ዕድሜው 44 ነበር።

ሳሞአውያን ምርጥ የእጅ ሥራ ምንጣፋቸውን ይዘው መጥተው አስከሬኑን አለበሱት፤ ሌሊቱንም አብረውት አደሩ። በማግሥቱ ወጣቶች ጫካውን መንጥረው ወደ ቫያ ተራራ ጫፍ መንገድ አወጡ። ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው ወጥተው ቀበሩት። በሞግዚት ትከሻ ወደ መስኮት የተወሰደ ልጅ፣ በአገልጋዮችና በጎረቤቶች ትከሻ ወደ መቃብሩ ተወሰደ። ከሚ ኤድንበራ ውስጥ እስከ 1913 ኖረች፤ የልጇን ያህል የምትወደውን ሰው በ19 ዓመት በለጠችው። የብሮዲ ቁም ሣጥን ዛሬም ኤድንበራ ባለው የጸሐፊዎች ሙዚየም ይታያል።

ይህን ሕይወት ለመጽሔታችን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን የእናቱን እጅ የቢሮ ወለል ያሻከረው፣ አባቱ በሕንፃ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሽ፣ እኅቱ የሰው ሽማግሌ የምታስታምም ብዙ ነው። እነርሱ በየቤቱና በየቢሮው የሚያዩትን እኛ በመማሪያ መጽሐፍ አናገኘውም። ማን ሰላምታ እንደሚሰጥና ማን እንደማይሰጥ፣ ማን ሰው ፊት አልጋ ብቻውን ሲሆን ቀጋ እንደሚሆን ያውቃሉ። የሚጠይቃቸው ስለሌለ ግን ዝም ይላሉ፤ ቢናገሩም እንደ ፑል በምክንያት ይመለስላቸዋል። እኛ ግን ብዕር ይዘናል። የፑል ሌሊት የተተረከበትን ምዕራፍ አንብቡና፣ በዚህ ሰንበት ከምግብ በኋላ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ሥራ ቦታቸው ላይ ስላዩት ነገር ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁንም በራሳቸው አማርኛ ጻፉት።